የይርሳው ቆጣሪ

ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ጥግ፣ ከደንገሉ በላይ፣
ጎማዋ የወለቀ አውቶቡስ ትኖራለች፣ ቀን ሙሉ ውሃ ስታይ።
ሞተሯን ሸጦ፣ ወንበሯን ነቅሎ
አባቴ ገባባት፣ “አብረን ጡረታ ወጣን” ብሎ፤
ሃያ ዓመት ነዳት፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ተኛባት፣
ምላጭና ሳሙናው እስከ ዛሬ ከሾፌሩ መስተዋት ሥር አሉባት።

ስሙ ይርሳው ነው።
አያቴ ከሱ በፊት ሦስት ቀብራ
“ሞት ይርሳው” ብላ ጠራችው፣ እግዜርን ተዳፍራ።
ሞትም ሰባ አራት ዓመት ረሳው፤
በጥቅምት አስታወሰው፣ ከእንቅልፉ እንኳ አላነሳው።

በሯን ቆለፍሁ። ቁልፉን ይዤ ዳንግላ ገባሁ።
መጋቢት ላይ ለመንፈቁ ስመጣ፣ የመብራት ውዝፍ አለብሽ ተባልሁ፦
ዐሥራ አንድ ሺህ ከምናምን ብር።
“ወፍጮ ተክላችኋል እንዴ?” አለኝ የመስኮቱ ልጅ፣ ሳቁን ሳይሰውር።
“ሰው የለበትም እኮ” ብለው
“ቆጣሪ ሰው አይቆጥርም” አለና ቀጣዩን ሰው ጠራው።

ስድስት ወር የተዘጋ፣ አምፖል ያልበራበት ቤት!
እንግዲህ ሌባ አለ አልሁ። ሌባ ሲፈለግ ደግሞ ቅርብ ነው ጎረቤት።
አንማው፣ መረብ ጠጋኙ፣ ከአጥሩ ወዲያ፣
ሌሊቱን ሙሉ የምትበራ አምፖል አለችው ከመረቡ መስቀያ።
አሣ ሻጮቹ ሰሙኝ፣ ታንኳ ጎታቾቹ ዞር አሉ፣
“የሙት ቤት መብራት መስረቅ!” አልሁ። ቃሉ
ከአፌ ሲወጣ ጣፈጠኝ። አልክድም።
አንማው አልተቆጣም። በመርፌው ወደ ጣራው አመለከተኝ፦
ከቆርቆሮው ላይ፣ የሁለት መዳፍ ስፋት ያላት የፀሐይ ሰሌዳ።
ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ ዝም ብሎ፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ።

ምንይችልን አመጣሁ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣
ጆሮው ላይ እስክሪብቶ የሰካ፣ አፉ የማይተኛ።
ሳጥኑን ከፈተ። ከየማጥፊያው ሥር፣ በፕላስተር ላይ፣ የአባቴ ጽሕፈት፦
አምፖል። ሬዲዮ። ሙቅ።
አምፖልን አጠፋው፣ ዲስኩ ይዞራል።
ሬዲዮን አጠፋው፣ ይዞራል።
ሙቅን ሲያጠፋው
ቀጥ አለ፣ ስሙን እንደ ሰማ ሰው።

ከአውቶቡሷ ሆድ ሥር በደረቱ ተሳበ። “ነይ እዪ” አለ።
ተንበርክኬ አየሁ፦ ቱቦውን አይጥ በልቶታል፣
የሞቀ ውሃ ጠብ ይላል፣ ጠብ፣
ጠብ ባለ ቁጥር ማሞቂያው ሌላ ይሞላል፣ ያንንም ያሞቃል።
ዳርቻው ሁሉ ደርቆ፣ እዚያ ብቻ ለምለም ሣር፣
ርዝመቱ የተኛ ሰው የሚያህል፤
በሣሩ ላይ አንድ አርጃኖ፣ ሆዱን ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
ዐሥራ አንድ ሺህ ብሬን ይሞቃል።
ምንይችል ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ብዙ አልቆየሁበትም።

አመሻሽ ላይ አንማው ዘንድ ሄድሁ፣ ይቅርታው ጉሮሮዬ ላይ እንደ አሣ አጥንት።
አፌን ሳልከፍት፣ “ያበራሁት እኔ ነኝ” አለ፣ ዓይኑን ከመረቡ ሳያነሳ።
“የጥቅምት ብርድ ነበር። ሊያጥቡት ሲመጡ
ይርሳው ቀዝቃዛ ውሃ አይወድም አልሁና አሞቅሁለት።
ገነዙት፣ ወሰድነው፣ ሰው ተበተነ።
ማጥፋቱን ረሳሁ።”
ከደንገሉ ውስጥ አንድ ወፍ ጮኸ፣ ተወው።
“ዕዳው የኔ ነው” አለ፣ “በቀረሶ እከፍልሻለሁ።”

ውዝፉን እኔው ከፈልሁ። ቀረሶው ግን ይመጣል፣
ሐሙስ ሐሙስ፣ በዳንግላ አውቶቡስ፣ በደንገል ተጠቅልሎ፤
እምቢ ማለት አልቻልሁበትም።

ያን ማታ፣ ምንይችል ቱቦውን ቀጥሎ ከሄደ በኋላ፣
በሯን ከመቆለፌ በፊት
ሙቅን መልሼ አበራሁት። ዲስኩ ዞረ።
ከመስተዋቱ ሥር፣ በአባቴ ሳሙና፣
እጄን ታጠብሁ፣ ፊቴን ታጠብሁ፣
አፌን ደጋግሜ ታጠብሁ፣
ይቁጠር ብዬ።