የዳቦ ላጲስ

ሰኞና ሐሙስ ነው የልዑሉ ትምህርት፣
አስቀድሞ ሥዕል፣ ከዚያ የመስመር ስሌት።
እኔ በወጣትነቴ ምሽግ ነበር የምነድፈው፣
ሁለቱን ጣቶቼን ባሩድ ነው ያረገፈው፤
በቀሩት ስምንቱ ዛሬ የማስተምረው
ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው፣ ንፍጡን በእጅጌው የሚጠርገው፣
ኦትፍሪድ ነው ስሙ፤ ነገ የሚገዛን እሱ ነው።

ወንበሩ የአያቱ ነው፣ እግሩ መሬት አይነካም፤
ኮምፓሱን ሲተክል ለወረቀት አይራራም።
«ቀስ ይበሉ፣ ልዑል፤ እምብርቱን ሲወጉት
ቀዳዳው አይደፈንም፣ ክቡን እንኳ ቢያጠፉት።»
የዳንስ መምህሩ «ግሩም!» ብቻ ነው ቋንቋው፣
የላቲኑ ደግሞ ልዑል ሲያስነጥስ ነው የሚያጨበጭበው፤
የእኔ ማስመሪያ ግን ማቆላመጥ አልለመደም፣
ጠማማ መስመርን ዙፋን አያቀናውም።

ስሕተት የሚታበሰው በዳቦ ልብ ነበር፦
ነጩን፣ ትኩሱን ቆርሰው፣ በጣት አድቦልቡለው
ሥዕሉ ላይ ሲያሹት ከሰሉን ጠጥቶ ይነሣል፤
የጠቆረው ፍርፋሪ ምንጣፍ ላይ ይጣላል።
ያን ዓመት አጃው ከስሯል፣ ኔካር በረዶ ሆኗል፣
ከግንቡ ማዶ ሰው የዛፍ ልጥ ፈጭቷል።
እኛ ግን በየሐሙሱ አንድ ሙሉ ዳቦ ፈጀን፣
የፈረስ ቂጥ ልናሳንስ፣ ያፍንጫ ጥላ ልናቀጥን።

ሻማ ያዡ ቬንዴል ነው፣ የዘበኛው ልጅ፣ የማይናገር፣
ዕድሜው ከልዑሉ እኩል፣ ቁመቱ የሚያንስ በስንዝር።
አንድ ሐሙስ ኦትፍሪድ ቀና አለና አየው፦
«ከንፈርህ ለምንድን ነው እንዲህ የጠቆረው?
ከሰል ትበላለህ?»
ሻማው ተንቀጠቀጠ።
«ዳቦውን ነው፣ ጌታዬ፤ ከሰሉ አብሮት መጣ።»

ልዑሉ ዝም አለ። እኔም።
ወደ ሦስት ማዕዘናችን ተመለስን።

ከዚያ ወዲያ እጁ ባሰበት፤ ጉድ ነበር።
ቤተ ክርስቲያን ሲሥል ጣሪያው ከመሬት ይጀምር፣
ፈረሱ አምስት እግር፣ እናቱ ሦስት ጆሮ፤
«ላጲስ አነሰኝ!» ይላል፣ እንደ ጦር አዛዥ አምርሮ።
ዳቦው ይመጣል። አይነካውም።
ትምህርቱ ሲያበቃ ከቬንዴል ጋር ይወጣል ከክፍሉ፣
ነጭ እንደሆነ፣ ከሰል ሳይደርስበት ገላው ሙሉ።

ለእናቱ ለዱቼሷ በወሩ መጨረሻ ጻፍኩ፦
«ልዑል በሥዕል ደክመዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው።»
ደሞዜን ቀነሱ።

ፈረሱ ዛሬም አለ፣ መሳቢያዬ ውስጥ።
አምስተኛውን እግር መነጽሬን አድርጌ አይቼዋለሁ፦
ጉልበቱ በልኩ ታጥፏል፣ ሰኮናው መሬት ረግጧል፤
አራቱ ይንጋደዳሉ፣
እሱ ብቻውን ቆሟል።