ኤዱቪና ድንች አትበላም

እኔ ድንች ተካይ፣ አባቴም ድንች ተካይ፣
ዝናብ በማይለያት በቺሎዌ ደሴት ላይ።
ቀዩ አለ፣ ጥቁሩ አለ፣ እንደ ጣት የቀጠነ፣
ሲከፍሉት ሆዱ ወይን ጠጅ የሆነ።
ሠርጉ በድንች ነው፣ ለቅሶውም በድንች፤
ሚስቴንም ያገኘኋት ቁፋሮ ላይ ነው፣ «የማን ልጅ ነሽ አንች?»
ብዬ።

በአርባ አንድ ዓመቷ ውሃ ጥም ያዛት፤
ባልዲውን ብትጨርስ ጥሙ አልለቀቃት።
ልብሷ ከላይዋ ሰፋ፤ ቀለበቷ ከጣቷ ሾልኮ
ጎመን መደብ ውስጥ ቀረ፤ እስከ ዛሬም አልተገኘ እኮ።
ካስትሮ ከተማ በጀልባ ተሻገርን።
ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፤ እኛ አፍ አፉን አየን።
«ቆሽትሽ ሥራ አቁሟል፤ ኢንሱሊን
ትወጊያለሽ፤ ዕድሜ ልክሽን።»

ከዚያ የቁጥር ዘመን መጣ። ጣቷን ወግታ
ታያለች ከመብል በፊት፤ ታያለች ደግሞ በልታ።
ድንች የበላች ቀን ስኳሯ ሽቅብ ይጋልባል፤
መርፌው ሊይዘው ይሮጣል፣ አልፎት ገደል ይገባል።
ሽቅብ፣ ቁልቁል። ሽቅብ፣ ቁልቁል።
አንድ ማለዳ ድስቱን ወደ እኔ ገፋችና፣ «ይበቃል»
አለች። «ዓሣ አለኝ፣ እንቁላል አለኝ፣ አይብ አለኝ፣ ጎመን አለኝ።
ጥቂት ከበላሁት ጥቂት መርፌ ይበቃል፤
ጥቂት ብስት፣ ጥቂት ነው የምወድቀው።»

ተቀየምኩ። እውነቴን ነው። ማሳዬን ፈታችው መሰለኝ።
ሦስት ቀን ዝም አልኳት፤ እሷም ዓሣዋን እየጠበሰች ዝም አለችኝ።

ታዲያ ድንቹን ስትተው መርፌውን አልቀነሰች፤
በቀድሞው ልክ ወጋች፣ በአዲሱ ልክ ጎረሰች።
ሐምሌ ነበር፤ የሰሜን ነፋስ ወደቡን ዘግቶታል፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አልጋው ርሶ ነቃሁ፤ ጣሪያው ያፈሰሰ መስሎኛል።
ጣሪያው አልነበረም። እሷ ናት። ላብ በላብ ሆና፣
በሞተው ወንድሟ ስም ትጠራኛለች፣
«ጀልባውን እሰረው» ትላለች፣ አላወቀችኝምና።
ሠላሳ ስምንት ይላል መሣሪያው።
እጄ ተንቀጠቀጠ። ለእንግዳ የደበቀችው
የኡልሞ አበባ ማር ትዝ አለኝ፤ ከዱቄቱ ኋላ ነው ያስቀመጠችው።
«ዋጪ።» ዋጠች። «ድገሚ።» ሰደበችኝ፤ ዋጠች።
ሩብ ሰዓት ቆጠርኩ።
«አምብሮሲዮ፣ ምን ያስለቅስሃል?» አለች።

ሐሙስ ነርሷ ያስና በሐኪም ጀልባ መጣች፤
ደብተሩን ገልጣ፣ እርሳሷን ከጆሮዋ አውጥታ፣ ተቆጣች።
«መብሉን ስትቀንሺ ለእኛ ንገሪ፤ የምግቡ መርፌ አብሮ ይቀንሳል፤
የሌሊቱን ግን እንዳትተዪ፤ ባትበዪም ሰውነትሽ ይፈልገዋል።»
መስመር በመስመር፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አወረዱት።

በየካቲት የእህቴ ልጅ ሲያገባ፣ ጉድጓዱ ተምሶ፣ ድንጋዩ ግሎ፣
ዛጎሉ፣ ሥጋው፣ የድንች ቂጣው በቅጠል ተሸፍኖ በስሎ፣
«አንዲት ብቻ! አንዲት ምን ታደርጋታለች?» አሉ ዘመዶቼ።
ሳህኗን ሳብኩ። የሷንም የእኔንም በላሁ፣ ቀበቶዬን ፈትቼ።
እሷ ዛጎሏን እየፈለቀቀች ሳቀች።

ዛሬም እተክላለሁ። ዘሩን የምትመርጠው እሷ ናት፤
የሚበሰብሰውን ከሚበቅለው፣ በዚያው በተወጋው ጣት
ዳስሳ ትለያለች።
እኔ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ያለ ደወል እነቃለሁ፤
በጨለማ ማጅራቷን በመዳፌ እነካለሁ።
ትገላበጣለች።
«ደረቅ ነኝ» ትላለች፣ «ተኛ።»