አርባ አንድ ሰው በአንድ ሻንጣ

ከአልጋዬ ሥር፣ ሙቀት በማይደፍረው ጥግ፣
አርባ አንድ ሰው ይኖራል፣ ያለ ቀለብ፣ ያለ ሕግ።
ቢለኩ ከአውራ ጣቴ አንጓ አያልፉም፤
የጥርስ ብሩሽ እጀታ ነበራችሁ ቢሏቸው አያምኑም።
በምላጭ ቀርጬ፣ በመርፌ ጫፍ ዓይን ሰጥቻቸው፣
በፍየል ጸጉር ብሩሽ ካባ አልብሻቸው፣
የከዚራ ወበቅ ርካሹን ቫርኒሽ አላደርቅም ብሎ፣
በሦስተኛው ቀንም ጣት ይይዛል፣ እንደ ሐላዋ ውሎ።

መቅረጹስ ቀላል ነው። ማስቀመጥ ነው ሙያው።

መጀመሪያ በእንቁላል ትሪ አስተኛኋቸው፤
ጉንዳን ሙጫውን ሽቶ መጣና እግር እግራቸውን ላሳቸው።
ቀጥሎ ጥጥ አለበስኳቸው፤ ጥጡም ቀለሙን ጠጣ፤
ስፈታው አንዱ ሰይፈኛ ሽበት አብቅሎ ወጣ።
በመጨረሻ፣ አባቴ አዲጋላ ጣቢያ ያድርበት የነበረ
ስፖንጅ አለ፣ መሐሉ የሰረጎደ፣ ጠርዙ የተቦረቦረ፤
እሱን ቀደድኩ። ለያንዳንዱ ሰው በቁመቱ ልክ አልጋ፣
ለጦሩ ስንጥቅ፣ ለፈረሱ ጉድጓድ፤ ሻንጣውን ብወዘውዘው ረጋ።
አባቴ መጥቶ አየ። በጣቱ ጫን አድርጎ፣
«እኔ እንኳ እንዲህ ተመችቶኝ አልተኛሁበትም» አለ፣ ሳቁን ሸሽጎ።

ቅዳሜ ጨዋታ አለ፣ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ ረምዚ ቤት፤
የሱ ሠራዊት ተሰልፎ ይጠብቃል ከጠዋት።
ረዳቱ «ሻንጣው ፖርቶመጋላ ይውጣ» አለ፤ አልሰጥም አልኩ።
«ምን ይዞ ነው?» «ሰው።» «ስንት?» «አርባ አንድ።»
«ሒሳባቸውን ታዲያ!» ሲል ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።
ጎኔ ያሉት እናት የማንጎ ፌስታላቸውን፣ እኔ ሻንጣዬን አቅፈን፣
ለደንገጎ ግራ ኩርባ አብረን ተኛን፣ ለቀኙ አብረን ታጠፍን።

ኬላ። «ውረዱ!» ፍተሻ ነው፤ የሚፈለገው ኮንትሮባንድ።
ሻንጣዬን ከፈተው ፖሊሱ። ስፖንጅ። ፊቶች። አርባ አንድ።
ተራ በተራ አያቸው፤ ሳቅም የለው፣ ቁጣም የለው፤
ሁለት ጣቱን ሰዶ አንዱን አነሣ፤ ትናንት ማታ የቀባሁት፣ ጋሻው ያልደረቀው ነው።
«ይሄስ?» አለኝ። «እሱ? የበሩ ዘበኛ።»
«ተራው የቀን ነው የሌሊት?» «የሌሊት።» «ምስኪን፤ እንደኛ»
አለና፣ በመጣበት ጉድጓድ ቀስ ብሎ መልሶ አስተኛ።

ፎቶ ከጨዋታ በፊት ነው፤ ሕጋችን እንዲህ ይላል፤
ዳይስ ከተወረወረ ወዲያ ሰው ይወድቃል፣ ጦር ይሰበራል።
አሥር ሰዓት ላይ፣ በግቢው በር፣ ብርሃኑ ዘልቆ ገብቶ
የረምዚን ቤት ቀይ መደብ ነካው፣ ግድግዳው ላይ ተንጸባርቆ፣ በርቶ።
ሰማያዊ የደብተር ልባድ ሰማይ ሆነ፣ ሳይታጠፍ ጎብጦ፤
በክብሪት ቀፎ ያመጣሁት የደቻቱ አሸዋ ምድር፣ ጠጠሩ ተመርጦ።
እኅቱ ኢፍራህ ነጭ ሰሃን ይዛ ጥላውን ታባርራለች፤
«ወደ ግራ» ስላት ወደ ቀኝ ትሄዳለች።
በሆዴ ተኛሁ። ስልኬን አቀናሁ፣ ዓይኑን ወደ ዓይናቸው።
ከላይ ሲያዩዋቸው መጫወቻ፤ ከእግራቸው ሥር ሆነው ሲያዩዋቸው
ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ትንፋሼን ውጬ ጠበቅኳቸው።

ቀጭ።

ምስሉን በሁለት ጣት ባሰፋው፣ የዘበኛው ጋሻ ላይ
ክብ ክብ መስመር፣ እንደ ተራራ እርከን የሚታይ፤
አሻራ። የኔ አይደለም፤ የኔ አውራ ጣት የምላጭ ጠባሳ አለበት።
የኬላው ሰው ነው፤ ሳያውቅ ፈርሞበት።

«በአልኮል ጥረገውና ድጋሚ ቀባው» አለች ኢፍራህ።
አልኮሉን ክዳን ላይ ቀድቼ፣ ብሩሼንም አንሥቼ ነበር፣ እውነት ለመናገር።
ግን ያ ሰው አሁንም እዚያ ነው፣ የሰው ሻንጣ እየከፈተ፤
ደንገጎ አናት ላይ ማታ ብርድ አለ። እጄ ዘገየ፣ ተወው ተወው አለ፣ ተጎተተ።
አርባዎቹን በቁጥር ነው የምጠራ፤ ይህን ግን «ተረኛው» አልኩ።
አልኮሉን ወደ ጠርሙሱ መለስኩ።

በሁለተኛው ዙር ሞተ ተረኛው፤ የወረወርኩት ዳይስ አንድ አለ።
ማታ ስመለስ ኬላው ላይ ሌላ ፖሊስ ነበር፣ ባትሪ የያዘ፤
ሻንጣዬን ሳይከፍት «እለፉ» አለ።

ቅር አለኝ።