የአይጥ ምስክር

ከቸርችል ጎዳና ዳር፣ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት ነው የእኔ ሥራ፣
መስኮቴ እግር ብቻ ያሳየኛል፤ ጫማ፣ ካልሲ፣ ከዘራ።
ሰው ወደዚህ ሙሉውን አይመጣም፤
ከጥፍር ያነሰ ቁራጭ ይመጣል፣ በፎርማሊን ብልቃጥ ታሽጎ፣
ስሙ ፕላስተር ላይ ተጽፎ፣ የአባቱ ስም በውኃ ተጠርጎ።

የዛሬው ቢያድግልኝ ይባላል።
ስሙን ያወጣችለት እናት ስንቱን ቀብራ ይሆን፣
ይኼኛው እንኳ ቢያድግልኝ ስትል?
ልጁስ አደገ፤ ሃምሳ ሞላው፤
አሁን ከአንገቱ ሥር ሌላ ነገር ያድግ ጀመር፣
ማንም ያድግልኝ ሳይል።

የለገሃር ተራ አስከባሪ ነው ይላል ወረቀቱ።
«ሜክሲኮ! ሳሪስ! ቃሊቲ!» እያለ ስንት ዘመን መንገደኛ ሸኘ፤
ከየት እንደተሳፈረ የማያውቀው መንገደኛ ግን
በራሱ አንገት ላይ ተገኘ።

ቁራጩን ሰም ውስጥ ቀበርኩት፣ ከፀጉር አቅጥኜ ከፈልኩት።
ዶክተር አስካለ በሰማያዊና በሮዝ ቀለም አየችው፤
ክብ፣ ደቃቅ፣ እንደ ጥቁር ጤፍ የተበተነ።
«ሁሉም አንድ መልክ ናቸው፤ የማን ልጆች እንደሆኑ ዓይኔ አልለየም» አለች፤
መነጽሯን አወለቀች።
ከሳንባ የተሰደዱ ይሆኑ? ወይስ እዚያው ንፍፊቱ ውስጥ የተወለዱ?
ያኛው ከሆነ ያጥራል፣ ይኼኛው ከሆነ ይረዝማል መንገዱ።

ከፍሪጁ ሁለቱን ብልቃጦች አወጣሁ፤
ሌሊቱን መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶባቸዋል።
አንደኛው ጥግ ላይ የቀረው እንባ የሚያህል ነው፣
የሚተካውም መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ ነበር፤
አንዲት አይጥ የሰው ሕዋስ በመርፌ ሰጧት፣ ደሟ ተቆጣ።
የተቆጣውን ሕዋስ ከጣፊያዋ ወስደው
ሞት ከማያውቅ የነቀርሳ ሕዋስ ጋር ዳሩት።
(ነቀርሳን ለመያዝ ነቀርሳ መዳር! ማን ይሆን ያሰበው?)
ከዚያ ጋብቻ የተወለደው አንድ ቃል ብቻ ያውቃል፣
ያንኑ ሲደግም ይኖራል፤ ሌላ ቢጠይቁት ዝም ነው።
«የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» ሲባል እሰማ ነበር በልጅነቴ፤
ዛሬ አይጧ ራሷ ቀረበች፣ ለሰው ልትመሰክር፣ ከምድር ቤቴ።

ከዚህ ክፍል ውጭ «የማን ዘር ነህ?» ሲባል
ጆሮዬን እይዛለሁ፤
ጥያቄው ስንቱን ከቤቱ እንዳስወጣ አውቃለሁ።
እዚህ ግን ጓንት አጥልቄ ቀኑን ሙሉ እሱኑ እጠይቃለሁ።
ሳላፍር።

ወርቁ እንዲታይ ሰሙ መሟሟት አለበት፤ በዛይሊን አሟሟሁት።
አንዱን ቅጠል የቆዳና የሳንባ ልጆችን የሚያውቀው ምስክር፣
ሌላውን የነጭ ደም ልጆችን የሚያውቀው አረፈበት።
ከጎኑ የቶንሲል ቁራጭ አኖርኩ፣
መብራት ያጣ ምስክር ይዋሻልና ልፈትንበት።

አንድ ሰዓት። እጥበት። ቡናማው ቀለም። እንደገና እጥበት።
መስኮቱ ላይ እግሮች ያልፋሉ።
ውጤቱን ሲጠይቅ ሦስት ቀን ተመላልሷል ብለውኛል፤
የትኛው ጫማ የእሱ ይሆን?

ዶክተር አስካለ አጎንብሳ ቆየች።
ከዚያ ወንበሯን ለቃ፣ «እስቲ አንቺም እይ» አለች።
የመጀመሪያው ሰማያዊ ብቻ ነው፤ ምስክሩ «አላውቃቸውም» ብሏል።
ቶንሲሉ ቀልቷል፤ ብልቃጡ በሕይወት አለ።
ሁለተኛው ላይ ግን እያንዳንዷ ጤፍ
ጠርዟን በቡናማ ቀለበት አስራለች፣
ሺህ ቀለበት፣ ሺህ ጊዜ አንድ ቃል።

«ሊምፎማ» ብላ ጻፈች። ፈረመች።
ይታከማል ማለት ነው።
ይታከማልና ይድናል ሁለት ቃል መሆናቸውን
እዚህ ቤት ነው የተማርኩት፤
ቢሆንም ብልቃጡን ወደ ፍሪጁ ስመልስ
በሁለት እጄ ነበር የያዝኩት።

ማታ ቁልቁል ወደ ለገሃር ወረድኩ፤ ሰልፉ ረዥም፣ ካፊያ።
ስካርፍ አንገቱ ላይ የጠመጠመ ሰው ሰልፉን ያቃናል፤
እሱ ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣
ከቁራጩ በቀር አይቼው አላውቅ።
ፊቴ ቆመና፣
«የት ነሽ እህቴ?» አለኝ።
የማውቀው ሁሉ አፌ ላይ መጣ።
«ሳሪስ» አልኩት።