ሃያ ቀለህ

ሐሙስ ነው። ሕርማታ፣ ገበያው ሳይሞላ፣
ሃያ ቀለህ ይዤ ባሮጌ ነጠላ፣
ወርቅ ሠሪው ዘይኑን ሚዛን ልለምነው፤
«ናስን በወርቅ ሚዛን? ነጂባ፣ ምንድነው?»

ሳቀ። ግን ሰጠኝ።
በግራ አንድ ቀለህ፣ በቀኝ አንድ ሰቀልኩ፤
ሥራዬም ይኸው ነው፤ መጋዘን ውስጥ ያደግኩ፣
ከጆንያ ፍሬ ስለቅም የኖርኩ፣
የነቀዘ ቡና ከደህናው የነጠልኩ።

ልዩነቱ ላይን አይታይም፣ ላጅም አይከብድም፤
ስድስት መቶ ሜትር ላይ ግን ጥቂት የሚባል የለም።
እዚህ ፀጉር ያህል ያነሰ፣
እዚያ፣ ከቦዬ ማዶ፣ ክንድ ሆኖ ደረሰ።

ሦስቱን ለብቻ አኖርኩ።
አሥራ ሰባት ቀሩ።

ደግፌ በሩ ላይ ቆሞ ይመክረኛል፦
«ተያት ትንሿን ጥይት፤ ነፋስ ያንገላታታል።
ትልቁን ግዢ፤ ባሩድ የጠገበው ሺህ ሜትር ይሄዳል።
ጉርሻ ካላስጨነቀ ምኑን ጉርሻ ይባላል?»

እውነት አለው። ግን ያልነገረኝም አለ፦
ሰደፉ ሲረግጠው ትከሻው ስለዛለ፣
ከአሥረኛው ወዲህ፣ ቃታ ሳይስብ ዓይኑ ይከደናል፤
ጠመንጃው ይተኩሳል፣ ደግፌ ግን ሸሽቷል።

ማታ አባ ዋሪ ዘንድ፣ ጅረን ዳገት ወጣሁ፤
አሥራ ሰባቱን ይዤ ከእግራቸው ሥር ተቀመጥሁ።
ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት፣ በጣት ነው የሚያነቡት፤
አንገቱን፣ ትከሻውን፣ ወገቡን ዳሰሱት።
ቀጭን ሽቦ ቆልምመው ወደ ውስጥ ሰደዱና፣
ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ጆሯቸውን ጣሉና፣
አንዱ ላይ ሽቦው ቆመ።

«ይኼ ታሟል» አሉ። «ላዩ እንዴት ያበራል!
ከሥሩ ግን ሳስቷል፤ አንድ ቀን ይበጠሳል።»

ስለ ትልቁ ጥይት፣ ስለ ደግፌም ነገርኳቸው።
ቆዩ። ሽቦውን አቃኑት በጥፍራቸው።

«ማስጨነቅ ለሙሽራ ነው፤ ጠመንጃ አይሞሸርም።
ሳትሸሺ ደጋግመሽ የምትተኩሺውን ያዢ፤ ሌላ ምክር የለኝም።
ቀለህም ቢሆን፣ አዲስ ነው ብለሽ አትጓጊ፤
አንዴ ተተኩሶ ጠመንጃሽን ያወቀውን ፈልጊ።
እሳት ሲነፋው፣ ናሱ የቤቱን ልክ ይዟል፤
የደግፌ ጠመንጃ ቢጎርሰው ያንቀዋል።»

መብራት ጠፋ።
«ደግ ሆነ» አሉ፣ «የናስ ፍም የሚለየው በጨለማ ነው።»
ቡታጋዙን ለኮስኩ። ቀለሁን ከሥሩ ይዤ
አንገቱን በነበልባሉ ዳር አዞርኩት፤
ጣቴን ሲለበልበኝ ጣሳው ውስጥ ጣልኩት።
ተኩስ ያደነደነውን እሳት አለዘበው፤
«ጭሽሽ» አለ ጣሳው።
አሥራ ስድስት ጊዜ። አባ ዋሪ በጆሯቸው ቆጠሩ፤
ዘጠነኛው ላይ፣ «ይኼ ዘገየ» ብለው ተቆጡ።

እሑድ። ቦዬ። ነፋስ ደንገሉን ያስተኛል፤
ትንሿ ጥይቴ ትከሻዬን ነካ አርጋ ታልፋለች፣ እንደሚያውቀኝ ሰው።
አሥራ አምስቱ ለኢላማ ናቸው።
ነፋሱን መጠየቂያ አንዷን አስቀደምኩ፤
ወደ ግራ ሄደች፤ መልሱን ተቀበልኩ።

ደግፌ እስከ ዘጠነኛው በለጠኝ፤ አልዋሽም።
ከዚያ ወዲህ ያለውን እሱን ጠይቁት፣
ዓይኑን ገልጦ ካየው።

ቀለሆቼን ከሣሩ ለቀምኩ፤ ገና ትኩስ ናቸው።
አንዱ ጠፋ። እስኪመሽ ፈለግሁት፤
እረግረጉ በላው መሰለኝ።

የታመመውን ለዘይኑ ልጅ ሰጠሁት፤
ከንፈሩ ላይ አድርጎ ቢነፋው፣
ወርቅ ቤቱ በፉጨት ተሞላ።
ዘይኑ ሚዛኑን አንጠልጥሎ፣
«አንቺ» አለኝ፣ «ይኼስ ስንት ይመዝናል?»