የሰኞ ጠርሙስ

ሰኞ ማለዳ ነው። ሳስካቱን በሯን ዘግታለች፤
ሠላሳ ከዜሮ በታች፣ ጭሷን ሽቅብ ተፍታለች።
እኔ ግን የመንገዱን ክዳን እከፍታለሁ፤
ከምድር ሥር የሚሄደውን፣ የሁሉም ሰው የሆነውን፣
ማንም የኔ የማይለውን ውኃ በጠርሙስ እቀዳለሁ።

አፍ ይዋሻል፤ ‹ብርድ ነው› ይላል፣ ‹ዛሬስ ትቶኛል›።
ቧንቧ ግን አያፍርም፤
የሐኪሙን ከበሽተኛው፣ የከንቲባውን ከጽዳት ሠራተኛው አይለይም።
በሽታውን የደበቀ ሁሉ
እዚህ ጠርሙስ ውስጥ ይናዘዛል።

ኀሙስ ቤተ ሙከራው መለሰ፤ ከወንዙ ምሥራቅ፣ በእኔ ሰፈር፣
ኢንፍሉዌንዛው ዕጥፍ ሆኗል።
መስመሩ ሽቅብ ሲወጣ አየሁት በዓይኔ፤
ዓርብ ማታ ግን አውቶቡስ ተሳፈርሁ፣ እንደ ሰው ሁሉ፣ እኔ።

መስኮቱ አልቦታል። ሰው በሰው ላይ ቆሟል።
አንድ ልጅ፣ የሆኪ ቦርሳ የታቀፈ፣
አፉን ሳይከድን አስነጠሰ፤
ሾፌሩ ሮሜል በመስታወት አየውና
በገዛ ቋንቋው አንድ ቃል ተነፈሰ።
እኔም በልቤ ‹ይማርህ› አልሁ።
‹ያኑርሽ› የሚለኝ አልነበረም፤
የመለሰልኝ ጠብታው ነው።

እግር የለው፣ ክንፍ የለው፤ የኛን ትንፋሽ ተፈናጥጦ ይሄዳል፤
ከምሰሶው ወደ ጓንት፣ ከጓንት ወደ ዓይን ይሻገራል።
ሕይወት አለው እንዳይባል፣ ብቻውን በድን ነው፤
የለውም እንዳይባል፣ ደጃፍ ካገኘ እልፍ ነው።

ቅዳሜ ምንም አላለኝም። ይኸ ነው ተንኮሉ፤
የሚስቅ ሰው ያሻግረዋል፣ ገና ሳይዝል አካሉ።
ለጎረቤቴ ለኦሌና የልብ መድኃኒቷን አደረስሁ፤
ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አንገቷን አቅፌ ሳምሁ።
ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤
እኔ የውኃ ሠራተኛዋ፣ ይህን ተረት ረሳሁ።

እሑድ ሌሊት ጉሮሮዬ አሸዋ ዋጠ።
ከዚያ ወገቤ። ከዚያ ጉልበቴ።
ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፤
ትኩሳቱን ጠላት መስሎኝ ስረግመው አደርሁ፤
ለካ እሳቱ የኔው ነው፤ የቤቴ ሰው ነው የለኮሰው፣
እንግዳው ተመችቶት እንዳይወልድ ወለሉን ያጋለው።

ፊት የደረሱት ነጭ የደም ሕዋሳት፣
ሳይጠይቁ የሚውጡ፣
መጡ፣ ዋጡ፣ ከዋጡት ጋር ሞቱ።
መሐረቤ ላይ ያለው ቢጫ የእነሱ መቃብር ነው፤
ማን አለቀሰላቸው?

ከአንገቴ ሥር ንፍፊቴ ባቄላ አክሏል፤
እዚያ ውስጥ ሸንጎ ተቀምጧል።
የወራሪውን ካባ እየዳሰሱ፣ ቁልፍ በቁልፍ ይለካሉ፤
ሺሕ ይሞክራል፣ ሺሕ ይስታል፤ አንዲቱ ግን ትገጥማለች፤
የገጠመችው ትበዛለች፣ በቀናት ሠራዊት ትሆናለች።

አባቴ ‹እልፍነሽ› ብሎ ስም ሲያወጣልኝ፣
ብቸኛ ልጁ ነበርሁና፣ ሰፈሩ ሳቀብኝ።
ዘንድሮ ገባኝ፤
አንድ አልጋ ላይ፣ አንድ ትራስ አቅፌ፣
እልፍ ሆኜ ስዋጋ ነጋልኝ።

ማክሰኞ፣ ከግድግዳው ማዶ፣ የኦሌና ሳል ተሰማኝ።
ከእኔ ነው? አላውቅም። ምናልባት ከፋርማሲው፣ ምናልባት ከልጅ ልጇ፤
ሳል ፊርማ የለውም።
እጄ ግን አንገቷን ያስታውሳል።

በጥቅምት እጅጌዋን ሰብስባ ተከትባ ነበር፤
ደሟ የሌባውን መልክ አስቀድሞ አይቶት ነበር።
እኔ ነኝ ‹ሥራ አለብኝ፣ ሳምንት› ስል የከረምሁት፤
ቁጥር ቆጣሪዋ፣ ራሴን ያልቆጠርሁት።

ሁለት ሌሊት ሳለች። በሦስተኛው ግድግዳውን መታች፣
ሁለቴ። ‹አለሁ› ማለቷ ነው።
እኔም ሁለቴ መታሁ።

ሠራዊቱ ተበትኗል። ጥቂት አዛውንት ቀርተዋል፣
መልኩን የማይረሱ፤
ካባውን ቀይሮ ቢመጣ ግን፣ እነሱም ይሳሳቱ ይሆናል።

ዛሬ ደግሞ ሰኞ። ክዳኑን ከፈትሁ።
ውኃው እንደ ወትሮው ይጮኻል።
ቀዳሁ። ኦሌናም አለች፣ ሮሜልም፣ ያ ልጅም፤
እኔም አለሁ።
ጠርሙሱ ላይ ቀን ጻፍሁ፣ ሰዓት ጻፍሁ፤
ስም አይጻፍበትም።