አቤት የሚል የለም

ሰንበት ወጣች፣ አፉላ ላይ፤ ሦስት ኮከብ ቆጥሬ፣
የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ በእጄ ጠርጌ፣ ላፕቶፔን ገትሬ፣
አሳሼን ከፍቼ፣
ያንን ረጅም አድራሻ ፊደል በፊደሉ ለቅሜ አስገብቼ፣
ረሆቮት ካለው ቢሮ፣ ከሒሳብ ክፍሉ ሣጥን እንዲያደርሰኝ
ስሜን ጻፍሁ፣ የይለፍ ቃሌን፤ ትንሽ ክብ እየዞረ «ጠብቂ» አለኝ።

ጠበቅሁ።
ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረና
ጠቆረ፤ መብራት እንደጠፋበት ጎዳና።

ነገ እሑድ፣ የሥራ ቀን፤ የሰማንያ ሰው ደሞዝ በጠዋት ይላካል፤
ዝርዝሩ እዚያ ሣጥን ውስጥ፤ እኔ እዚህ፤ መሃላችን መቶ ኪሎ ሜትር ይሞላል።

መሸጎጫውን ጠረግሁ፤ ኩኪውን አጠፋሁ፤
ሌላ አሳሽ ጫንሁና እንደገና ገባሁ፤
ያው ጥቁር።
ሰርተፊኬቱን አየሁ፦ ቀኑ አላለፈም፤ በፊርማው የለም ነውር።
በር አራት መቶ አርባ ሦስት ክፍት ነው፤ ፋየርዎሉም አልከለከለኝ፤
ሞደሜን ነቅዬ፣ እስከ ሠላሳ ቆጥሬ ሰካሁት፤ እሱም ታዘበኝ።
ፒንግ ብዬ ተጣራሁ፤
ደግሜ ተጣራሁ፤
አቤት የሚል የለም። ደጅ ጠናሁ፣ እንደ ጥንት ባለጉዳይ፣
ዘበኛው ሳይወጣ፣ እልፍኙ ሳይታይ።

አራት ሰዓት ሲሆን ትዝ አለችኝ ዋጋዬ፤
ቅዳሜ ማታ ነው ቢሮውን የምትወለውል። ደወልሁ፦ «እትዬ!»

«ሻቩዓ ቶቭ ልጄ፤ ምነው በዚህ ማታ?»
ከጀርባዋ ውኃ ይፈሳል፣ የስፖንጃው ባልዲ ይንኳኳል በዝግታ።
«ከጠረጴዛው ሥር፣ ሣጥኑ ላይ፣ አረንጓዴ መብራት ይታያል?»
«ኧረ ምንም! እንደ ሰንበት ምድጃ በርዷል፤ ጭር ብሏል።»

ዝም አለች። ቀጥላም፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«እኔ ነኝ የነቀልሁት፤ አርብ፣ ቢሮውን ስዘጋ።
ሁሉም መብራት ጠፍቶ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገሠግስ፣
እሱ ብቻውን ከጠረጴዛ ሥር ሲያጓራ፣ ሲተነፍስ፣
አላስቻለኝም። በሬው ያርፍ የለም ወይ? አህያውስ፣ ጭነቱን አውርዶ?
እሱም ይረፍ ብዬ ነው፤ ማን ይሠራል በሰንበት፣ ካልሆነ ተገድዶ?»

ምን ልመልስ? ሳቄን ዋጥሁ። «ሰኪው» አልኳት፤ ሰካች፤
ሣጥኑ አጓራ፤ አረንጓዴዋ ነጥብ ብልጭ አለች፤ በራች።
ያም ክብ እንደገና ዞረ፤ ጥቁሩ መስኮት ነጋ፤
ገባሁ፤ ደፉን ሳልረግጥ፣ በሩንም ሳልዘጋ።

«ልጄ! ቀስቷ ብቻዋን ትሄዳለች! ማነው የሚነዳት?»
«እኔ ነኝ።» «የት ሆነሽ?» «አፉላ።» «ወይ እጅ! ይህን ያህል ርዝመት ማን ሰጣት?»
ባዶ ገጽ ከፈትሁና በአማርኛ ጻፍሁላት።
«ምን ይላል? ፊደል አልቆጠርሁም» አለች። «ስምሽ ነው» አልኳት።

ቆየች። መወልወያው አልተሰማም፤ ባልዲው አልጮኸም፤
ሦስት ፊደል ናት፤ እሷ ግን ቶሎ አይታ አልጨረሰችም።

የሰማንያ ሰው ስም ተሰልፎ ጠበቀኝ፤
ቀስቷን ወደዚያ ስገፋ፣ «ቀስ በይ» አለች፣ «ወለሉ ርጥብ ነው፤ እንዳትረግጪብኝ።»